የለቀምነው ቆሻሻ የእኛ ሆኖ ስለመገኘቱ

ለታካናሚ ወደብ አስተዳደር ኃላፊ፣ ለተከበሩ አቶ ናሩሴ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በማዕበል መከላከያው ግንብ ላይ ያሳጠሩት አዲሱ የሽቦ አጥርም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በግንቡ ላይ ቆሜ ዓሣ እንዳላጠምድ ስለከለከሉኝ የባሕር ንፋስ አይመታኝም፤ ዘንድሮ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ስለ አሳቢነትዎ እጅ እነሳለሁ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው እርስዎም የእኛን ጉዳይ በከተማው ጋዜጣ በአደባባይ ስላወጡት ነው። የተማርኩ ሰው አይደለሁምና ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ።

አንደኛ። በፀደይ ወራት ራስዎ ወደ ግንቡ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ወይዘሮ ፉሳኤ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከዚያ ግንብ ሌላ መዋያ የላቸውም፤ ከምሳቸው የሩዝ ድብልብል አንስተው ሰጡዎት፤ «አንድ ይድገሙ እንጂ፣ ከስተዋል!» ብለውም ለመኑዎት። እርስዎም ደገሙና፣ «አባባ ካሪያ፣ ሰዉ በቆሻሻው እያማረረ ነው። እስከ መኸር ካጸዳችሁት ግን እኔ እያለሁ ማንም አያጥረውም» አሉኝ። ጓደኛዬ ሺጌዞ እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ «የሹም ቃል ባዶ መንጠቆ ነው» ሲል ተቆጣሁት። ሰውን ሳያውቁ ማማት ነውር ነው አልኩት። ሺጌዞን በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። አጸዳነው። እሁድ እሁድ የማጥመጃ ዘንጋችንን ቤት ትተን፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የተወታተበውን የናይለን ክር፣ የዛገውን መንጠቆ፣ ክር ማስጠሚያውን እርሳስ፣ ከሩቅ ከተማ በመኪና የሚመጡት ጥለውት የሚሄዱትን ጠርሙስና የምሳ ሳጥን ሁሉ ለቀምን። ወይዘሮ ፉሳኤ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ክሩን በመቀስ ይቆርጡ ነበር። ሺጌዞ፣ «ፉሳኤ፣ ዛሬ ደግሞ ጫማ አጠመድሽ!» ሲላቸው፣ «አንተ ዘንድሮ ጫማም አልያዝክ፤ ዝም ብለህ ልቀም!» ይሉታል። እንዲህ እየሳቅን ነው የሠራነው። ሞኝ ሰው ሲሠራ ይስቃል።

ሦስተኛ፣ ዋናውም ይህ ነው። በከተማችን ደንብ ስም ያልተጻፈበት የቆሻሻ ከረጢት የሚያነሳው የለም። እኛም ደንብ አክባሪዎች ነንና የሚቃጠለውን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ ጠርሙሱን ለብቻ ለይተን፣ በየከረጢቱ ላይ ስማችንን በጉልህ ጻፍንና በግንቡ መግቢያ ደረደርነው። የእርስዎ ሰዎች መጡ። ከረጢቱን ግን አላነሱም፤ ፎቶ አነሱት። በሳምንቱ ያ ፎቶ «ዓሣ አጥማጆች ግንቡን እንዴት እንዳደረጉት ተመልከቱ» ተብሎ በጋዜጣው ወጣ፤ ስማችን በከረጢቱ ላይ ለተገኘው ደግሞ ለእያንዳንዳችን ቆሻሻ በመጣል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ከዚያም አጥሩ ቆመ። ጥፋተኛን ለመለየት ይህን ያህል የተጋ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። የእጅ ጽሕፈቴም ከሩቅ የሚነበብ መሆኑን ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ።

እኔ ማስጠንቀቂያውን መልሼልዎታለሁ፤ ድጋሚ ቢልኩትም ድጋሚ እመልሳለሁ። ወይዘሮ ፉሳኤ ግን እንደ እኔ አይደሉም። መንግሥት ከጻፈ አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ ብለው፣ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን ይዘው ቢሮዎ መጡ። ሌሎች በጣሉት፣ እሳቸው በለቀሙት ቆሻሻ፣ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ። እርስዎም ሣጥኑን በሁለት እጅዎ ተቀብለው፣ «ለወደፊቱ ይጠንቀቁ፣ እናቴ» አሉ።

አራተኛ። ጣፋጩ ተስማማዎት?

ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ ፉሳኤ ከቤት አይወጡም። ጎረቤት እንዳያያቸው መጋረጃቸውን በቀን ይዘጋሉ። ሄጄ በር ሳንኳኳ ከውስጥ ሆነው፣ «ሂድ ካሪያ፣ አንተንም ያዩሃል» ይሉኛል።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አጥሩን ዛሬ ያፍርሱት አልልም፤ ስለ አጥሩ እስከምሞት እንከራከራለን። ወደ ወይዘሮ ፉሳኤ ቤት ግን በእግርዎ ይሂዱ። ጎረቤት በሚያይበት ሰዓት ይሂዱ። እሳቸው ለእርስዎ ያጎነበሱትን ያህል በደጃቸው ያጎንብሱላቸው። ከዚያ ዝቅ ያለ ነገር አልቀበልም።

ቃልዎን ከሰማበት ቀን ጀምሮ እስካፈረሱበት ቀን ድረስ በሙሉ ልቡ ያመነዎት፣ ወደፊትም በታላቅ አክብሮት የማያምንዎት፣

ካሪያ ቶራኪቺ፣ የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት ከአጥሩ ማዶ፣ በግንቡ ጫፍ፣ አንድ ጥቁር የባሕር ወፍ ክንፉ በክር ተተብትቦ ሲንፈራገጥ አየን። የአጥሩ በር ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ቢሮዎ ደወልን፤ ጥበቃው በትሕትና «ሰኞ ይደውሉ፣ አባባ» አለን። ሰኞ ሲገቡ በዚህ ጉዳይ አይቸኩሉ፤ ወፉ እሁድ ከሰዓት በኋላ መንፈራገጡን ትቷል።