ከሽሮው ጀርባ የተገኘው ጣሳ

ሰኞ

ከሽሮው ጀርባ ነው ያገኘሁት። የከፈትነው ሽሮ ስላለቀ ሌላ ፌስታል ላወጣ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እጄን ስሰድ አንድ ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ ጣሳ ነካሁ። ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ውስጡ ብርቱካናማ ዱቄት አለ፣ ከነመስፈሪያ ማንኪያው። ሽታው የልጆች ከረሜላ ነው።

የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ባሌ ብርሃኑ ከሽሮው ጀርባ ያለውን ቀርቶ ሽሮውንም አይቶት አያውቅም። እኔ አላስቀመጥኩትም። የቀሩት እማማ አስካለ ናቸው፣ አማቴ።

ጀርባውን አነበብኩ። ቫይታሚን ሲ። ቫይታሚን ኢ፣ ያውም በብዛት። ሴሊኒየም። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ። ከዚያ አሚኖ አሲዶቹ፦ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሌሎችም። በቀን አንድ ማንኪያ ይላል። ከታች ደግሞ ጉንዳን በምታህል ፊደል፦ የደም ማቅጠኛ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ያማክር።

እማማ አስካለ ሁለቱንም ይወስዳሉ። የልባቸው ምት ስለሚዛባ ማታ የደም ማቅጠኛ፣ ጧት የግፊት። የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ሳጥን ውስጥ የምደረድርላቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ክሊኒክ ስንሄድ ደማቸው ከሚፈለገው በላይ ቀጥኖ ተገኘ። የደማቸውን መቅጠን የሚለካው ቁጥር ወራት ሙሉ ልክ ነበር። ሐኪሙ ምክንያቱ አልገባውም፤ የማቅጠኛውን መጠን ቀነሰና ሸኘን። ክንዳቸው ላይ በልዞ የነበረውን "በር መታኝ" ብለውናል። ሁለት ጊዜ ነስሯቸዋል፤ "የሂተሩ ድርቀት ነው" ብለውናል። እኔም አምኛለሁ።

እኔ ማለት አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ፋርማሲስት የነበርኩት መሠረት ነኝ። አሁን በስደት አገር፣ ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ረዳት ነኝ። ክኒን እቆጥራለሁ፣ ጠርሙስ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። የሙያ ፈቃድ ፈተናዬን እስክጨርስ ለሰው ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም። እሺ፣ ሕግ ነው። በገዛ ወጥ ቤቴ ግን ማን ከለከለኝ? ለምን አልተጠየቅሁም?

እማማ ሻወር ላይ ናቸው። ጣሳውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ዛሬ ከተናገርኩ ክፉ ነገር ነው የምናገረው።

ማክሰኞ

ጧት በለዘብታ ጀመርኩ። "እማማ፣ ይቺ ዱቄት ምንድን ናት?" አልኳቸው።

"ምግብ ናት።"

"ምን ዓይነት ምግብ?"

"የጉልበት ምግብ። ሶስና ናት ያመጣችልኝ። መድኃኒት መሰለሽ እንዴ? መድኃኒትማ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነው።"

ስንት ማንኪያ እንደሚወስዱ ጠየቅሁ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። ድካም ሲሰማቸው ደግሞ አንድ ይጨምራሉ። ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ከሽሮው ጀርባ ለምን እንዳስቀመጧት ስጠይቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። እኔም ምላሴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። አማት ናቸው፤ የልቤን ብናገር ዘመድ ሁሉ ይሰማዋል።

ሶስናን ግን አልማርኳትም። እዚሁ ሬክስዴል፣ በእኛው ሕንፃ ሁለት ፎቅ ወደ ታች የምትኖር ሴት ናት። ቀን ቀን ዱቄትና ክኒን ትሸጣለች፤ እሷ "ጤና አካፍላለሁ" ነው የምትለው። በእረፍት ሰዓቴ ከሥራ ደወልኩላት።

"መሲዬ፣ ናቹራል እኮ ነው" አለች።

"ሌብሉ ላይ የተጻፈውን አንብበሻል?"

"እኔ ራሴ እወስደው የለ? ምን ሆንኩ?"

"አንቺ የደም ማቅጠኛ አትወስጂም። እሳቸው ይወስዳሉ።"

"ማን ነገረኝ? ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። እኔ በየቀኑ ኮል አደርግላቸዋለሁ። እናንተ ስትወጡ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። መጥቼ ዱቄቱን በጥብጬ ሰጥቻቸው፣ አብሬያቸው ተቀምጬ ነው የምሄደው።"

ዓይኗን በጨው አጥባ እኔን ወቃሽ ሆነች። ስልኩን ዘጋሁባት። የባሰ ያናደደኝ የተናገረችው እውነት መሆኑ ነው።

ቤት ስደርስ ጣሳውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ ዱቄቱን በሙሉ የቆሻሻ መጣያው ቱቦ ውስጥ ገለበጥኩት። ባዶውን ጣሳ ለማስረጃ አስቀረሁት። ማስረጃ ለማን? እንጃ። እማማ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ብርሃኑ "ትንሽ ተረጋጊ" አለኝ። ተረጋጊ የሚሉት ሰዎች ሁልጊዜ ምንም ያልሠሩት ናቸው።

የሆነ ሆኖ ዱቄቱ ሄዷል። አሸንፌያለሁ።

ረቡዕ

አላሸነፍኩም።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ። ሐኪሙ ባለፈው ሐሙስ መጠኑን የቀነሰው ደማቸው ስለቀጠነ ነው። ደማቸውን ያቀጠነው ዱቄቱ ከሆነ፣ እኔ ደግሞ ትናንት ዱቄቱን ከደፋሁት፣ ዛሬ የሚወስዱት የተቀነሰው ክኒን ብቻ ነው። ያ ካነሰ ደማቸው ሊረጋ ይችላል። የረጋ ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ለሰው ሳስረዳ ኖሬያለሁ፦ የጀመራችሁትንም ሆነ ያቆማችሁትን ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኔ በንዴት ገለበጥኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ያንን ሐሙስ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስታወስኩት። ሐኪሙ ጠይቆ ነበር። ቃል በቃል፦ አዲስ የጀመሩት ነገር አለ? ቫይታሚን፣ የዕፅዋት መድኃኒት፣ ሰፕልመንት? እኔ አስተርጓሚዋ "የለም" አልኩት። ወደ እማማ ዞሬ እንኳ አላየሁም። የሚወስዱትን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሳጥኑን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? እሳቸው ጎኔ ተቀምጠው ቦርሳቸውን አቅፈው ግድግዳውን ያያሉ። እኔና ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ስለ እሳቸው ደም እናወራለን።

ሁለት ቀን ሙሉ በሶስና ስናደድ ከረምኩ። ንዴቱ አልጠፋም፣ ሌላ አድራሻ ነው የተጨመረበት፦ የራሴ።

ሥራ እንደገባሁ ለሊና ነገርኳት። ሊና ፋርማሲስቷ ናት፤ ከታናሽ እህቴ ታንሳለች። በሌላ ቀን ከእሷ ምክር መጠየቅ ያንቀኝ ነበር። "ባዶውን ጣሳ አልጣልሽውም አይደል?" አለችኝ። "መጠኑን ራስሽ እንዳትነኪ። አሁኑኑ ክሊኒኩ ደውዪ።" እኔ ለሌላ ሰው የምለውን ነው ያለችው።

ደወልኩ። ነርሷ ሁሉንም መዘገበች፦ የዱቄቱን ስም፣ ምን ምን እንዳለው፣ ስንት ማንኪያ፣ መቼ ጀመሩ፣ መቼ ቆመ። ነገ ለምርመራ ደም ይሰጡ፣ ዓርብ ሐኪሙ ያያቸዋል፣ እስከዚያ ክኒኑ እንዳለ ይቀጥል። አፍ መጣመም፣ እጅ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ካያችሁ ሳትጠብቁ አምቡላንስ ጥሩ አለች። ከዚያ "ለምን ያን ጊዜ አልነገሩንም?" ብላ ጠየቀች። "አልጠየቅኋቸውም" አልኳት።

ማታ እራት ላይ ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጠፋሁትንም ጭምር። እንደምገሥጻቸው ጠብቀው ነበር መሰለኝ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

"ለምን ደበቁኝ ግን?" አልኳቸው።

"ካወቅሽ ታስቀሪያታለሽ ብዬ ነው።"

"ዱቄቷን?"

"ሶስናን። እሷ ከቀረች ማን ይመጣል?" አሉ። እንጀራቸውን እየጠቀለሉ ቀጠሉ፣ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። "ለሐኪሙ እነግረው ነበር። እኔን መቼ ጠየቅሽኝ?"



ሐሙስ

ደም ሰጡ። ጧት "እጄ ደንዝዟል" ሲሉ ደንግጬ ፈገግ እንዲሉ አደረግኋቸው፣ ሁለቱን እጅ አስነሣኋቸው፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው አስጠራኋቸው። ተኝተውበት ነው። "ቆይ እንጂ፣ አበድሽ እንዴ?" አሉኝ። ሳልጠጣው የቀዘቀዘውን ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ሶስና ደወለች። ላነሣ አልፈለግሁም፤ አነሣሁ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ከደንበኞቿ ሁለት ሰዎች የደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ ዛሬ ጠይቃ አወቀች። አንደኛው ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ናቸው። "ምን ልበላቸው? አንቺ ባለሙያ ነሽ።"

ዛሬ ባለሙያ ሆንኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ወጥ ቤቴ ስትበጠብጥ ባለሙያ አልነበርኩም። ይሄን ሁሉ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኳት ግን ይሄን ነው፦ በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ በራሳቸው እንዳይቀጥሉ፣ ዛሬውኑ ለሚያክማቸው ክሊኒክ ይደውሉ፣ ጣሳውንና ክኒናቸውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ፋርማሲስታቸው ዘንድ ይሂዱ። "ሌላ ከመሸጥሽ በፊት ደግሞ ምን ትወስዳላችሁ ብለሽ ጠይቂ።" "እሺ" አለች። ማመኔን እንጃ። ሁለቱ ሰዎች ግን መደወላቸውን አረጋግጣ ቴክስት አድርጋልኛለች።

ዓርብ

ክሊኒክ። ቁጥሩ ወርዷል፣ ከሚፈለገው በታች ነው። የፈራሁት አልቀረም። ሐኪሙ አልተቆጣም። ብዙ ሰው ዱቄት መድኃኒት አይመስለውም አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው መጠየቅ ጀመረ። እኔም ከመጀመሪያው አስተረጎምኩ። የማውቀውን ሁሉ፣ የልደት ዘመናቸውን ሳይቀር፣ ወደ እሳቸው ዞሬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ላይ "አንቺ ታውቂው የለ?" ይሉኝ ነበር። በኋላ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

"የግፊቱን ክኒን በየቀኑ ጧት ይወስዳሉ?" አለ ሐኪሙ።

አፌ "አዎ" ለማለት ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁትና ጠየቅኋቸው።

"ረቡዕና ዓርብ ጧት አልወስድም" አሉ እማማ።

"እንዴት?"

"ጾም ነዋ። ባዶ ሆዴን ምን ብዬ እውጣለሁ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግቤ ጋር እወስዳለሁ። ዱቄቷንም የጧቷን ከማታዋ ደርቤ ያኔ ነበር የምጠጣት። ያን ቀን ያዞረኛል።"

ሦስት ዓመት ሳጥን ሞልቻለሁ። ማታ ሳየው ባዶ ነው፤ ባዶ ከሆነ ተወስዷል ብዬ ነበር። በስንት ሰዓት እንደተወሰደ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ፊቴ እየነደደ ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ወንበሩን ከእኔ አዙሮ ወደ እሳቸው አቀና። ሳይቆጣ፣ ጾሙን ሳይነካ፣ በቀጥታ እሳቸውን እያየ አስረዳቸው፦ አርጂኒን የሚሉት ነገር ራሱ ግፊት ሊያወርድ ይችላል፣ ድርብ ዱቄት ከግፊቱ ክኒን ጋር ባንድ ጊዜ ሲገባ ማዞሩ አይገርምም። በጾም ቀን ክኒኑን በምን ሰዓት መውሰድ እንደሚሻላቸው ተነጋገሩ። ተነጋገሩ ነው የምለው። እኔ መሀል ላይ ድምፅ ብቻ ነበርኩ።

የማቅጠኛው መጠን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሰኞ ደም ይሰጣሉ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀ። "አለኝ" አሉ እማማ። "ዱቄቷ ከቀረች ጉልበቴን በምን ላግኝ?" እሱም ድካሙ ከምን እንደመጣ ለማወቅ የደም ብረትና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ጨመረ። ድካም እንዳለባቸው እስከ ዛሬ ማንም አልነገረውም ነበርና።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ጃኬታቸውን ስቆልፍላቸው፣ "ሦስት ዓመት ስመላለስ ሐኪም ያየኝ ዛሬ ነው" አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፣ ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ስነካ ዋልኩ። የትናንቱ የደም ምርመራ ውጤት ዛሬ ነው የተባለው። ስድስት ሰዓት፣ የለም። ስምንት ሰዓት፣ የለም። ሁለት ጊዜ ክኒን ተሳስቼ ቆጠርኩ፤ ሊና ምንም ሳትለኝ እንደገና ቆጠረችው። አሥር ሰዓት ላይ ተበሳጭቼ ክሊኒኩ ደወልኩ። ነርሷ "ለራሳቸው ለታካሚዋ ነግረናል" አለችኝ። ዓርብ ዕለት እኔ የክሊኒኩን ቅጽ ስሞላ እማማ የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ነበር ያስጻፉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በስልክ አስተርጓሚ አስገብተው አነጋግረዋቸዋል። ውጤቱን ግን ለእኔ መንገር አትችልም፤ ሕግ ነው።

ኮቴን ሳላወልቅ ሳሎን ገባሁ። ሶስና አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ዛሬ ዱቄት አልያዘችም። እማማ ብርቱካን እየላጡ ነው።

"እማማ፣ ደውለውልዎታል?"

"አዎ፣ ከምሳ በፊት።"

"ከምሳ በፊት? ታዲያ እንዴት አይደውሉልኝም? እኔ እኮ ልሞት ነው ቀኑን ሙሉ።"

አንዱን የብርቱካን ፍሬ አቀበሉኝ። "ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ የራሴ ደም ነው።"

ሶስና ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ኮቴን አውልቄ እስክሰቅል ድረስ ተናድጄ ነበር። ቁጥሩ ልኩ ውስጥ ገብቷል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይታያል አሉኝ፣ የብረቱ ውጤት ገና ነው። ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ "ሌላስ ምን አሉዎት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።