ሁለተኛውን ክፍል ያለ አንቺ

የልጆቼ እናት፣ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ “ይለመዳል” ይለኛል። አላምናቸውም።

ባለፈው እሑድ ልጃችን ትዕግሥት ከቢሾፍቱ ብቻዋን መጣች። የዚያን የድሮ አስቂኝ የመርማሪ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በፍላሽ ይዛልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ገና ሳንጋባ እዚሁ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ነው ያየነው፤ ባልና ሚስቱ እየተቀላለዱ ነፍሰ ገዳይ የሚፈልጉበትን። ያኔ በየፊልሙ እረፍት መብራት ሲበራ ገዳዩን ሳንገምት ወደ ወንበራችን አንመለስም ነበር። ዘወትር የምታውቂው አንቺ ነበርሽ።

አባቷን በፊልም የምታባብል ልጅ ያለ ጉዳይ አልመጣችም ብዬ ተከታተልኳት። የኋላውን ክፍል ከፍታ አየች። ግድግዳውን ዳበሰች። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ስለ ባሏ ሳነሳባት ደህና ነው ብላ ወሬውን ወደ አዳማ ሙቀት አዞረችው። በቃ፣ ቤቱን ሊያሸጡኝ ነው፣ የላካትም እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ፊልሙን ከፈትን። ባልና ሚስቱ እንደ ድሮው ናቸው። እሱ በብልህነቱ ይኩራራል፤ እሷ ትስቅበትና ባርኔጣውን ታቃናለታለች። እንዲህ ያለው መቀላለድ በትወና አይመጣም፣ የእውነት ቢዋደዱ ነው ትዪ ነበር። እኔ ስለተከፈላቸው ነው እል ነበር፤ አሁንም ያንኑ እላለሁ። ነገር ግን እኔ በሳቅኩበት ቦታ ትዕግሥት እንባዋን ጠረገች። ማስመሰል ነው አልኩ።

መሃል ላይ እንደ ልማዳችን አቆምኩት። እሷ ገዳዩን እስክትገምት አልጠበቅሁም፤ የራሴን ተጠርጣሪ ፊት ለፊት አወጣሁት። ይህ ቤት አይሸጥም፣ ለባልሽ ንገሪው አልኳት። አንገቷን ደፍታ እውነቱን ነገረችኝ። ከባሏ ከተለያየች ወራት አልፏታል። የመጣችው ቤቱን ልታሸጠኝ ሳይሆን ልትመለስበት ነው፤ እኔን ፈርታ ከአፏ ማውጣት አቅቷት እንጂ።

ማስረጃው ሁሉ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ አነበብኩት፣ ግን ገልብጬ። አንቺ ብትኖሪ ገና በሩን ስታልፍ ታውቂባት ነበር።

በማግስቱ የኋላውን ክፍል ቀለም ቀባሁላት። ቅዳሜ ዕቃዋን ጭና ትመጣለች። ባሏን አሁንም እጠረጥረዋለሁ፤ እሱን ለእኔ ተዪው።

አንቺን አልረሳሽም፤ በዚህ ቤት ስምሽ ሳይነሳ የሚመሽ ቀን አይኖርም። የሰፈሩ ሰው ልጅህ ለምን ተመለሰች ቢለኝ ግን መልሴን አዘጋጅቻለሁ። አርጅቼ ብቻዬን መኖር ስላቃተኝ ለምኜ አመጣኋት እላለሁ።

ባለቤትሽ