መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ

ጥር 6
ደህና ዋልኩ። ጠዋት የቧንቧ ውሃ ናሙና ስመረምር፣ ከሰዓት ፕለጊኔን ስነካካ። ላቦራቶሪው ውስጥ ማስታወሻ በምንይዝበት ፕሮግራም ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ ነው የምንጽፈው። የኔዋ ፕለጊን፣ ፕሮግራሙ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ተጨማሪ፣ ያንን ጽሑፍ ወደ ግራፍ ትለውጠዋለች። በገዛ ኮምፒውተሬ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሠራኋት። ማንም አላዘዘኝም።

አለቃችን ሲያልፍ፣ "መጫወቻሽ ደግሞ ዛሬ ምን ሣለች?" አለ። ክሎሪን አልኩት። ሳቀ። ይሳቅ!

ጥር 11
መጫወቻዋ ተፈለገች። ለተቆጣጣሪዎች ስብሰባ ያለፈው ዓመት የክሎሪን ግራፍ ይቅረብ ተባለ። አወጣሁት። መስመሩ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይቋረጣል። መለኪያው ተበላሽቶ ነበራ... መለዋወጫ ግዙልን ብለን ጮኸን፣ ማን ሰማን? ሰንጠረዡ ላይ ቦታው ባዶ ነው፤ ፕለጊኗም ባዶውን ባዶ ትተወዋለች። ሆን ብዬ ነው።

"ይሄ ጥርሱ የወለቀ ነገር ምንድን ነው?" አለ አለቃ።
"ያልለካንበት ጊዜ ነው።"
"አገናኚው።"
"በምን?"
"በመስመር ነዋ! ግንቦት ደህና፣ ነሐሴ ደህና፤ መሀሉ ምን ሊሆን ነው?"

ምን ሊሆን ነው? እሱን አይደል እንዴ የማናውቀው! እምቢ አልኩ። "አንቺ ልጅ፣ ጠግበሻል" አለኝ። እኔ ነኝ የጠገብኩት?

ጥር 12
ለእማዬ ነገርኳት። "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።" ውሃው ግን ይበከላል አልኳት። እህቴ ለሕፃኗ ወተት የምትበጠብጠው በዚያው ውሃ አይደል? ትንሽ አሰበችና፣ "አፍልታ ነው" አለች። ወይ እናቴ!

ጥር 17
ስብሰባ። ግራፉ ግድግዳው ላይ በራ። መስመሩ ሰኔን ሐምሌን ተሻግሮ... እንደተወጠረ ክር። "እሺ ጌታዬ" ብለን የምንጠራው ባልደረባችን ፕለጊኔን ገልብጦ፣ ባዶውን እንድትደፍን አድርጓታል።

ተነሣሁ። "ሰኔና ሐምሌ አልተለኩም" አልኩ። አለቃ ፈገግ ብሎ፣ "እህታችን ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት ነው" አለ። ሳቁ። አንዲት ጠና ያሉ ተቆጣጣሪ ብቻ አልሳቁም።

ጥር 18
ጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩ። በቃል። ደብዳቤ እንኳን የለም!

የካቲት 2
እጄ ተሰነጣጠቀ። እሺ ጌታዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። "ልጆችህ ውሃ አይጠጡም?" አልኩት። ሄደ።

የካቲት 9
ጉድ ፈላ። ሐምሌ ላይ በታችኛው ሰፈር ሕፃናት በተቅማጥ ታመው ነበር ብሎ ጤና ጣቢያው ሪፖርት አቀረበ። ተቆጣጣሪዎቹም፣ ግራፋችሁ ሐምሌ ላይ ክሎሪኑ ደህና ነበር ይላል፤ ማን ለካው? በምን? አሉ።

አለቃ እዚህ እርጥብ ወለል ላይ መጥቶ ቆመ።
"የኔ እህት፣ ያቺ ክፍት የነበረችው ግራፍ አለችሽ አይደል?"
"አለች።"
"ስጪኝ። የተገናኘው በፕለጊኗ ስህተት ነው እንላለን። ሶፍትዌር አይደል፣ ይሳሳታል። አንቺንም ወደ ቦታሽ እመልስሻለሁ።"

በፕለጊኗ ስህተት! መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያልዋሸችው እሷ ብቻ ሆና!
"ጌታው፣ አፍ ቢኖራት ትሰድብዎት ነበር" አልኩት።

የካቲት 10
ስብሰባው ላይ ያልሳቁት ተቆጣጣሪ ቢሮ ሄድኩ። ሁለቱንም ግራፎች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ።
"የትኛው ነው ያንቺ?"
"ክፍቱ።"
"ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፣ ልጄ።"
"ጠርሙስ ማጠቡን ነው?"
ሊስቁ ፈልገው ተዉት።

የካቲት 21
አለቃ ታገደ። እኔም ታገድኩ፤ "ሰነድ ያለፈቃድ በማውጣት።" እኔና እሱ እኩል? ይግባኙን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንድም ቃል አላለሰልስም።

ግራፉ ግን በተቆጣጣሪዎቹ ትእዛዝ በየሰፈሩ ተለጠፈ። ክፍቱ። ዛሬ በሰፈራችን ሳልፍ ግራፉ ፊት ሰው ተሰብስቧል፣ መሀላቸው እማዬ! ጣቷን ባዶው ላይ ተክላ፣ ለጎረቤቷ ትጮኻለች፦
"እዚህ ጋ እዪ እንጂ! መስመሩንማ ማንም ያሰምረዋል። ልጄ የሠራችው ይሄን ነው!"