ከጉባኤው በፊት ላንተ

ለወንድም ጋሼ ቦንግሱ፣

እንዴት ከርመሃል? የጎመን ከረጢት ስታነሳ የተቀጨው ወገብህ ሙሉ በሙሉ ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለህ? የባለቤትህ የሱንጃ ጉልበትስ? መንደሪኑስ ዘንድሮ ያዘ? ነፋሱ ብዙ አላረገፈባችሁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነበዋለህ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

ወሬው እንዲህ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ ሴኡል ላይ የላቦራቶሪ ሕክምና ባለሙያዎች ትልቅ ጉባኤ አለ። ከየአገሩ ሰው ይመጣል፤ እኔም አሥር ደቂቃ እንድናገር ተመርጫለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ደም ስመረምር እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞኝ አያውቅም። ባልደረቦቼ «እንኳን ደስ ያለሽ! በዚያ አሮጌ ጋዋን መድረክ ላይ እንዳትወጪብን፣ ልብስ ግዢ እንጂ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬ እስቃለሁ። የምናገረው ስለ አንዲት የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ነው። ሴትዮዋ እማ ናት።

እማ ለልጅህ ለሃዩን ሠርግ ስትዘጋጅ ፀጉሯ ሳስቶባት ማፈሯ ትዝ ይልሃል? ያኔ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሆን ቫይታሚን ላክሁላት። በቀን አንድ ነበር ያልኳት። ከወር በኋላ ደውላ «አንቺ ልጅ፣ ፀጉሬ እኮ በቀለ! አንዷ እንዲህ ካደረገች ብዬ ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት እውጣለሁ» አለችኝ። እኔም «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ወንድም ጋሼ፣ ሳቅሁ። ያ ቫይታሚን በደም ውስጥ ሲበዛ አንዳንዱን የምርመራ መሣሪያ እንደሚያታልል፣ የተጎዳን ልብ ጤነኛ አስመስሎ እንደሚያሳይ አውቅ ነበር። «ደም የሚሰጠውን ሁሉ የፀጉር ቫይታሚን ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ» የሚለውን ወረቀት ላቦራቶሪያችን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። የገዛ እናቴን ግን መጠየቅ አልመጣልኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቫይታሚኑን ገና እየወሰደች ሳለ፣ በመንደሪን ለቀማ መሐል ደረቷን ጨምድዶ ሲይዛት አንስተህ ወደ ሕክምና ቤት ወሰድካት። ከዚያ ደውለህ «የልቧ ምርመራ ንጹህ ነው ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ቤቴ ውሰደኝ እያለች አስቸገረችኝ፣ ምን ላድርግ?» አልከኝ። እኔ ሥራ በዝቶብኝ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ «ደሙ ንጹህ ከሆነ ውሰዳት» አልኩህ። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቀብሩ ስመጣ የቫይታሚኑን ጠርሙስ ከመሳቢያዋ አገኘሁትና ማንም ሳያየኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከምርመራ የተረፈ ደም ለጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። እማ በተመረመረችበት ሕክምና ቤት የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ለምኜ የእማን ተቀበልኩና በበረዶ ይዤው ቡሳን፣ ወደ ላቦራቶሪያችን ገባሁ። ቫይታሚኑን ከደሙ ለይቼ እንደገና መረመርኩት፤ የልብ ጉዳትን የሚያሳየው ቁጥር ከአደጋው መስመር በላይ ወጣ። ያን ቀን እዚያው ብትተኛ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ወደ ቤት ግን አይለቋትም ነበር።

አምና እንደ ልማዳችን ዘመድ ሁሉ የመቃብሩን ሣር ለማጨድ ስንሰበሰብ አጎት ቻንግሆ ማጭዳቸውን እየሳሉ «ከእናቱ መንደሪኑ በለጠበት። ለቀማ እንዳይጓደልበት ከሐኪም እጅ ነጥቆ አመጣት» ሲሉ ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል። አንገትህን ደፍተህ ማጨድህን ቀጠልክ። «ውሰዳት ያለችኝ ሐኪም ቤት የምትሠራው እህቴ ናት» ብትል የሁሉም አፍ ይዘጋ ነበር። አላልክም። እኔም አጠገብህ ቆሜ ያጨድከውን ሣር ሰበሰብኩ። ከጠርሙሱም ከስልኩም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ ነው።

እኛ ዘንድ ስህተት የሠራ ሰው ስሙን ጽፎ በሁሉም ፊት ያነብባል። አዲስ የሚቀጠሩትን «ማንም አይቆጣችሁም፣ ብቻ ጻፉ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። የራሴን ለመጻፍ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ፤ እሱንም ያለ ስም። አለቃዬ ዶክተር ፒዮ አንብባ «ጥሩ ነው፣ ለጉባኤው ላኪው። ታማሚዋ ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። ስለ እማ መድረክ ላይ መናገሬን ካልወደድከው ይቅርብኝ ብዬ እሰርዘዋለሁ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። እንድትምረኝ ግን አሁን አልጠይቅህም፤ ለዚያ ገና ምንም አልሠራሁም።

ሱንጃ እንደነገረችኝ ዘንድሮ ከዘመድ ቀድመህ ቅዳሜ የእማን መቃብር ሣር ብቻህን ልታጭድ አስበሃል። እባክህ አታድርገው። እስከ እሑድ ጠብቀኝ፤ በጠዋቱ አውሮፕላን እመጣለሁ። ለእኔም አንድ ማጭድ አዘጋጅልኝ።

ሱንጃን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ሃዩንንና ሕፃኑን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ካልሲ ሠርቼለታለሁ። ለጎረቤታችን ለቦክሱን እናት የላኩልኝ ጨው የበላ ዓሣ ገና እንዳላለቀ ንገርልኝ። ለአጎት ቻንግሆ ግን ሰላምታዬን አታድርስ። እሑድ፣ እማ መቃብር ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ «ውሰዳት» ያልኩህ እኔ እንደሆንኩ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ታናሽ እህትህ ዮኖክ

ቡሳን፣ ኦገስት 24 ቀን 2025