አንበጣዋ ከነድምጿ ገባች

ተሾዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሙታን የእኛን ወሬ አይሰሙም ብለው ያስተምሩናል። እኔም ወደ አንተ እየጸለይኩ አይደለም፤ ጸሎቴን የሚሰማ ጌታ አለኝ። ግን እንዲህ ያለ ወሬ ተገኝቶ ለአንተ ሳልነግርህ እንዴት ዝም እላለሁ? ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጥቁር ዘይት በሳሙና ታጥቦም አለቀቀም። አንበጣዋ ተነሳች!

አዎ፣ ያቺው አረንጓዴዋ ሞተር ሳይክልህ። ከብት ልታክም ከቆቃ እስከ ሶደሬ በየጥሻው ይዛህ ትዞር የነበረችው፣ የሰፈሩ ልጆች በጩኸቷ አንበጣ ብለው ስም ያወጡላት። ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ። «አንቺ ወሬ ከጅራቱ ነው የምትጀምሪው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ልጃችን ሊዲያ ያንተኑ ሥራ ያዘች። በእንስሳት ጤና ተመርቃ ከቆቃ ወዲያ ባሉት መንደሮች ተመደበች። ባጃጅ ማለፍ ከማይችልበት ላይ ወርዳ ቀሪውን በእግሯ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ሸራውን ከሞተርህ ላይ ገፈፈችና «እማ፣ እኔ እስክደርስ ላሟ ትሞታለች። ይቺን ልንዳ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። የእኔን አይሆንም ታውቀዋለህ፤ እሷም አባቷ ናት፣ አልተከራከረችኝም። ሸራውን መልሳ አለበሰቻትና በእግሯ ሄደች። አቧራ ለብሳ በተመለሰች ቁጥር እግሯን እያየሁ ጥቂት ቀናት ቆየሁ፤ በመጨረሻ ራሴ ሄጄ ቶፊቅን ጠራሁት።

ወሎዬው ቶፊቅ፣ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ ያለው። አሮጌውን ቤንዚን ደፋ፣ ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ፣ አዲስ ካንዴላ አስገባ። ተነሳች። ግን ምን ዓይነት መነሳት ነው! ቤንዚን መስጫውን ሲጠመዝዘው ትን እንዳለው ሰው ትንተፋተፋለች። ሲለቀው ደግሞ ዝቅ ማለት ሲገባት ማንም ሳይነካት ብቻዋን እየጨመረች ትጮኻለች። በዚያ ላይ ከሆዷ አካባቢ ቀጭ ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ አለ። ቶፊቅ ቶሎ አጠፋትና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ጽጌ፣ ውስጧ አልቋል። ኩሽኔታው ተበልቶ ነው እንዲህ የሚንኳኳው። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው አንድ የአርሲ ነገሌ ሰው አለ፤ ቅዳሜ ይምጣና ለመለዋወጫ ይውሰዳት።»

እሺ አልኩ። ሊዲያ ወደ ቤት ገባች።

እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያለሥራ ቆማ ነው የበሰበሰችው፣ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ እኛ ያያል፣ ይህ ጩኸት ያሳፍረኛል ካልኩህ ቀን ጀምሮ፣ ሱቁ ጥግ ስትደርስ ታጠፋትና ዳገቱን እስከ በራችን እየገፋሃት ትመጣ ነበር። ልብህ ከታመመም በኋላ ገፋሃት። ተው አላልኩህም። ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ በየቀኑ አዳምጥህ ነበር። ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ድምፅህ ይደርሰኛል። ቤንዚን መስጫውን ስትለቅ ወዲያው ዝቅ ይላል፤ ጠን፣ ጠን፣ ጠን። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ የጎማው ኮሽታ በኮብልስቶኑ ላይ። ራትህን ማሞቅ የምጀምረው ያኔ ነበር፤ አንተ ግን ሁልጊዜ «እንዴት አወቅሽ?» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ሳስታውስ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ቶፊቅ ቀጭ ቀጩን ነበር የሰማው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ድምፁ ዝቅ አለማለቱ ነው። የአንተ አንበጣ ሲለቋት ዝቅ ትላለች!

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ካለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ሽፋኑ የተቀደደ ስለ ትንንሽ ሞተሮች የሚያወራ መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላትህን አጠገቤ አድርጌ ቃል በቃል ቆፈርኩት። ሊዲያ እያለፈች «እማ፣ ስጠራሽ አትሰሚም፤ ሞተር ግን ትሰሚያለሽ» ትለኛለች። ሳቋ መመለሱን ልብ አልኩ።

መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚጠጣ እንዲህ ያለ ሞተር በማይገባው ቀዳዳ አየር ከሳበ ቤንዚኑ ይሳሳበታል። ሲሰጡት ይንተፋተፋል፣ ሲለቁት ዝቅ አይልም። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ከሠራ ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ እያስነሳን ወዲያው ማጥፋት ነበረብን።

ሐሙስ ከሰዓት ሊዲያ አስነሳችልኝ። ያንን ረጅሙን ካቻቢቴህን አመጣሁ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ታደርገው እንደነበረው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ አደረግኩ። ሆዷ ንጹሕ ነው! እንደ ጤነኛ ሰው ልብ ይመታል። ወደ ጎን ሄድኩ፣ ንጹሕ ነው። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ላይ ስደርስ ግን ቀጭ ቀጩ ጆሮዬ ውስጥ ፈነዳ። በእንጨት ጫን አልኩት፤ ጸጥ። ለቀቅኩት፤ ቀጭ ቀጭ። የማርሚታው መከለያ አንድ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል! ኩሽኔታ ተበላ ተብሎ የተለቀሰላት በአንድ ብሎን ነው! ሳላስበው እልል አልኩ፤ ጎረቤቶች በአጥር ብቅ አሉ።

የቀረው አየሩ ነው። በጣሳ ሳሙና በጠበጥኩና የጢምህን ብሩሽ አመጣሁ። እስካሁን አልጣልኩትም። እየነከርኩ በየመጋጠሚያው ቀባሁ። ካርቡራቶሩንና ሞተሩን የሚያገናኘው የጎማ አንገት ላይ፣ ከታች በኩል ስቀባ፣ ያ ጩኸት በአንዴ ዝቅ አለ። ጠን፣ ጠን፣ ጠን! ውኃው ሲሳብ መልሳ ጮኸች። ደግሜ ቀባሁ፣ ደግማ ዝቅ አለች። ሊዲያ «እማ! እማ! ያዝሻት!» እያለች እጄን ይዛ ዘለለች። እኔም ዘለልኩ ተሾዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

አጥፍተን አንገቱን ስንገለብጠው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ የገመድ ክር ተቀርቅሯል። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

የለቅሶህ ድንኳን ገመድ ነው። ግቢያችን ሲሚንቶ ስለሆነ ችካል አልገባ ብሎ የእድር ሰዎች አንዱን ገመድ በሞተርህ ላይ አሳልፈው አሰሩት። ያን ሰሞን የናዝሬት ነፋስ እንዴት እንደነበረ ሰው ሁሉ ያወራል። ድንኳኑን እያነሳ ሲጥለው ገመዱ አንገቷን ይስብ ነበር። እሷ ግን አልወደቀችም፣ ድንኳኑንም አልለቀቀችም። ለካ ያለሥራ በመቆም አይደለም የተሰበረችው። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ሳለቅስ ድንኳኑን ይዛልኝ ነው። ከአንድ ስንጥቅ ጎማ ስለ አንተ ልብ ምንም ማወቅ እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ክር በጣቴ እያሻሸሁ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ስነሳ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቶፊቅን ጠርቼ አሳየሁት። ክሩን አየ፣ ብሎኑን አየ፣ አናቱን አከከ። «ወላሂ እትዬ ጽጌ፣ እኔ ጋራዡን ልዝጋና እርስዎ ይክፈቱ!» አለ። ስንጥቁን በጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

ቅዳሜ የአርሲ ነገሌው ሰው መፍቻውን ይዞ መጣ። «አካም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶን ገና በወጉ ሳይቀመጥ ሊዲያ አስነሳቻት። ቤንዚን ስትሰጣት ወዲያው ሽቅብ፣ ስትለቃት ወዲያው ቁልቁል። ሰውዬው ቶፊቅን ዞሮ አየው። «ሬሳ አለ ብለህ ጠርተኸኝ ሙሽራ ታሳየኛለህ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። የእሱ ሞተር በእውነት የሞተች ናት አሉ፤ አንገቷ ግን ደህና ነው። አንገቱን ፈትቶ በሚኒባስ ላከልን፣ ልክክ አለ።

ዛሬ ሊዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንደሮቹ ነዳቻት። የራስ ቁሩን እኔ ነኝ ያሰርኩላት፣ አገጯ ሥር ሁለቴ ጎትቼ አየሁት። አይሆንም የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ቀኑን ሙሉ ገጽ ሳልገልጥ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ።

ወደ ማምሻው ላይ ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ሰማኋት። ድምፁ ዝቅ አለ። ጠን፣ ጠን፣ ጠን። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ የጎማ ኮሽታ በኮብልስቶኑ ላይ።

ልጅህ እየገፋች ነበር። አንተ ስትገፋ እያየች አይደል ያደገችው።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ ደረስኩባት፤ ላብ በላብ ሆናለች። «አስነሺያት» አልኳት። «እማ፣ ሰፈሩስ?» አለችኝ። «ሰፈሩ ይስማ!» አልኳት። ተመልሼ ሮጬ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አንበጣዋ እየጮኸች፣ ሰማያዊ ጭሷን እየተፋች ገባች። የገዛ ግቢያችን ውስጥ ድምፁ ይህን ያህል እንደሚያምር ለካ ሰምቼው አላውቅም።

ተሾዬ፣ ያንን ክር ከመዝሙር መጽሐፌ ገጾች መካከል አስቀምጬዋለሁ። ከሱቁ ጥግ እስከ በራችን ያለውን ዳገት በወጣሁ ቁጥር የገፋኸውን አስባለሁ። ሊዲያ እጇን ስትለቅና ድምፁ ዝቅ ሲል ደግሞ አንተን እሰማለሁ፤ በሩ ያኔ ይከፈታል፣ ራቱም ያኔ ይሞቃል።

ዘግይታ በሩን የከፈተችልህ፣
ጽጌ