የወጣቶች ክፍል እናት፣ ሲስተር በዛወርቅ ገብረወልድ

ሲስተር በዛወርቅ ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ ጋዎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍሬ ወልደማርያም በ1961 ዓ.ም. በካፋ፣ ሺሺንዳ ተወለዱ። አባታቸው ማር ነጋዴ ነበሩ። በገበያ ቀን ከገዢ ጋር የሚከራከሩላቸው ትንሿ በዛወርቅ እንደነበሩ ታላላቆቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወራሉ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሺሺንዳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቦንጋ ተከታትለው፣ ጅማ በነርስነት ሠልጥነው በ1982 ዓ.ም. ተመረቁ። የመጀመሪያ ምደባቸው ቢታ ገነት ነበር፤ ለአንድ ዓመት ብለው ሄደው ከሃያ ዓመት በላይ ቆዩ። እዚያው ሳሉ በ1986 ዓ.ም. ከመምህር ሰብሃት አየለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ህይወትንና አብነትን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደሚሠሩበት ጤና ጣቢያ መጣች። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ፣ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት፣ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ተባለች። ከተሰለፉት መካከል የእናቷ ጎረቤት ነበሩ። ልጅቷም "ራሴን ነው" ብላ ወጥታ ሄደች። ለካ አርግዛ ኖሮ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጽንሱን በድብቅ ለማስወረድ ሞክራ፣ ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ ተመለሰች። ሲስተር በዛወርቅ እጇን ሳይለቁ ቦንጋ ሆስፒታል አደረሷት። ልጅቷ ተረፈች። ስሟን ለባለቤታቸው እንኳን አልተናገሩም።

ሲመለሱ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ከጥበቃው ጀምሮ በሙሉ ሰበሰቡ። "ይህችን ልጅ የመለሳት አንድ ሰው አይደለም፤ ሁላችንም ነን። እንግዲህ የምንቀበላቸውም ሁላችንም ነን" አሏቸው።

በጓሮ በኩል የነበረው ዕቃ ቤት ተጠርጎ የወጣቶች ክፍል ሆነ። የካርድ ክፍሉ አቶ ከሚል ካርዱን ራሳቸው ወደ ውስጥ ይዘው መግባት ጀመሩ። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ትርሐስ ምክሩንና የእርግዝና መከላከያውን ያዙ፤ ምርመራውም መድኃኒቱም እዚያው ክፍል ድረስ ይመጣ ጀመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ለወጣቶቹ አስታወቁ። ሲስተር በዛወርቅም አፉ የተሳሰረውን ልጅ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ እየቀለዱ ያፍታቱት ነበር። ወንዶቹም መምጣት ጀመሩ።

ነገሩ ግን በቀላሉ አልተዋጠም። በወላጆች ስብሰባ ላይ የአገር ሽማግሌው ጋሽ ኃይለመስቀል ተነሥተው፣ "ልጆቻችንን ልታባልጉብን ነው እንዴ?" አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ክፍሉ ይዘጋ የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሲስተር በዛወርቅም፣ "ጋሽ፣ ልጅ እኛን ፈርቶ የሚሄድበት ቦታ ከእኛ የባሰ ነው። መጥተው ይዩን፤ ከዚያ ይፍረዱ" ብለው መለሱ። ጋሽ ኃይለመስቀል ልጆች በሌሉበት ቀን መጥተው ክፍሉን ዞረው አዩ፣ ባለሙያዎቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። በቀጣዩ ስብሰባ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ "እኔ የልጅ ልጆቼን ሂዱ ብያለሁ። እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?"

በ2006 ዓ.ም. ወደ ቦንጋ ተዛውረው አሠራሩን ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ የተወለዱባት ሺሺንዳም የራሷን የወጣቶች ክፍል ከፈተች። በ2013 ዓ.ም. በተደረገ የሽልማት በዓል ላይ የቢታ ገነት አንድ ርእሰ መምህር፣ "ዘንድሮ በእርግዝና ምክንያት ትምህርቷን ያቋረጠች አንዲትም ልጅ የለችንም" ሲሉ፣ ሲስተር በዛወርቅ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልል አሉ፤ አዳራሹም ተከተላቸው። ለሽልማት ሲጠሩ "ብቻዬን አልቆምም" ብለው ጥበቃው ሳይቀር ባልደረቦቻቸውን ሁሉ ይዘው መድረኩን ሞሉት።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በጅማና በቦንጋ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ታመው ሳሉ ሊጠይቋቸው የሚመጡትን የቢታ ገነት ባልደረቦች "ክፍሉን ለማን ትታችሁ ነው?" እያሉ ይመልሱ ነበር። የቀብራቸው ዕለትም ክፍሉ እንዳይዘጋ ተናዘዋል። ስለዚህ ሲስተር ትርሐስ አሁን ከመካከላችን የሉም፤ ተረኛ ናቸው።

ባለቤታቸውን መምህር ሰብሃትን፣ ልጆቻቸውን ህይወትንና አብነትን፣ የልጅ ልጃቸውን ሃሌሉያንና በሙያቸው ያሳደጓቸውን ብዙዎች ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እንደ እሳቸው የመድከም ብርታት ይስጠን። አሜን።