አንቺ ያደረቅሽው ጊታር

ጫልቱዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

እግዚአብሔር ነፍስሽን በብርሃን ቦታ ያኑራት። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናውን ስረግጥ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አስጠግኛለሁ። ለአራት ዓመት ለምነሽኝ እንቢ ያልኩሽን የጓሮ መስኮትም አወጣሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ የሚያርፈው አንቺ ተቀምጠሽ ቁልፍ ትተክዪበት በነበረው በርጩማ ላይ ነው። አንቺ እያለሽ ባወጣው ምን ነበረበት? ይህን ራሴን እየጠየቅሁ እውላለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ መስኮቱ አይደለም። የገመቹ ትልቁ ሸክላ ወጣ።

በአራት ዓመቱ ከእናትሽ እቅፍ ተረክበሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ፣ እኔና እሱ በተቆራረጥን በሦስተኛው ዓመት፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ሸክላ አወጣ። በመጨረሻው ሳምንትሽ እጄን ይዘሽ «ሸክላው ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው ስማው። ከዚያ በኋላ ብትቆጣም ተቆጣ» ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ማልኩልሽ።

የተቆራረጥንበትን ቀን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የሁዳዴ ዓርብ ነበር። ከስግደት ስመለስ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ጊታር ሲመታ አገኘሁት። እሱ እንዳንቺው የጸሎት ቤት ልጅ ነው፤ የኛ ጾም አይመለከተውም። እኔ ግን ያንን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ሰው ስለኔ የሚለውን ነው። ቤት ሲደርስ ጊታሩን ከእጁ ነጥቄ ደጅ ጣልኩት። የበልግ ዝናብ ይወርድ ነበር። እሱ በነጋታው ጊታሩን እንኳ ሳይጠይቅ አዲስ አበባ ገባ። አንቺ ጊታሩን አስገብተሽ፣ በነጠላሽ ጠቅልለሽ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ሦስት ቀን አደረቅሽው። ጀርባው ላይ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር። እንደተሰነጠቀ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ላክሽለት። እኔን ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት ሸክላው ገበያ ውስጥ ዲንሳ ሙዚቃ ቤት ደረሰ ተባለ። ሐዘንሽ እስኪወጣ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም፤ ለቃሌ ስል ግን ሄድኩ። በነቀምት እስካሁን የምናውቀው ትንሿን ሸክላ ነው፤ በዚህ ገጿ አንድ ዘፈን፣ በዚያኛው አንድ። የገመቹ እንደ ሰፌድ የሰፋ ነው፤ አሥር ዘፈን ይዟል፤ ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ሰው ሱቁን ሞልቶ ነበር። ባለሱቁ ዲንሳ መርፌውን አሳረፈ፤ የሕፃን ድምፅ ወጣ። ጊታሩ እንደ አይጥ ይሮጣል፤ ከበሮው ይንጣጣል።

«ዋቀዮ፣ አምላኬ! ልጁን አዲስ አበባ ምን አበሉት?» አለ ዲንሳ።

ቅቤ ሻጯ አደ ሌንሴ ደግሞ «አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው መሰለኝ፣ እንዲህ የሚጣደፈው!» አለችና ወደ እኔ ዞራ «ኦቦ ተክሌ፣ ይሄ ያንተ አማች ነው ወይስ የአማችህ ጫጩት?» አለችኝ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ወጣሁ። በዚያው ቀን ለሾፌሩ ወረቀት ሰጠሁት፦ «ለእህትህ ሙት ዓመት እንዳትመጣ። በሟች ቤት መሳቂያ አልፈልግም።» ይህን የጻፈው የኔው እጅ ነው፣ ጫልቱዬ። እስከ መጨረሻው እሰማለሁ ብዬ የማልኩት ሰውዬ ግማሽ ዘፈን ሰምቼ ፈረድኩ። ከእግዚአብሔር ያልደበቅሁትን ካንቺም አልደብቅም፤ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ትክክል ነበርኩ የሚል ደስታ። ለአንድ ወር ያህል ያንን ደስታ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተመላለስኩ፤ በጸሎቴ ላይ ግን እንደ አጥንት ይወጋኝ ነበር።

ጸሎት ቤት ስትዘምሩ አጠገብሽ ትቆም የነበረችው መምህርት አስቴር ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። «ጋሽ ተክሌ፣ የገመቹን ሸክላ እንዴት አገኙት?» አለችኝ። የተሰማኝን ነገርኳት። የት እንደሰማሁ ጠየቀችኝ፤ ዲንሳ ጋ አልኳት። በርጩማሽ ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች።

«ዲንሳ እኮ የሸክላ ማጫወቻውን የፍጥነት መለወጫ ደንበኛ እንዳይነካካበት በሽቦ አስሮታል! ትልቁ ሸክላ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ እሱ በትንሿ ሸክላ ፍጥነት አስሮጠው። ምስኪን ገመቹ!»

እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቱን አሰብኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለው አስቴር ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ሽፋኑን ሰጠችኝ። ገመቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ክራር በአንድ ጎኑ፣ ጊታር በሌላው። የለበሰውን ኮት አየሁና ሽፋኑን ወደ ብርሃን አስጠጋሁት። እኔ የሰፋሁት ነው! አንቺ «ለጸሎት ቤት አንድ ድሃ ልጅ» ብለሽ፣ ልኩን በክር ላይ ቋጥረሽ አምጥተሽ ያሰፋሽኝ። የግራ ኪሱን ክዳን ትንሽ አጣምሜው ነበር፤ ፎቶው ላይም እንደተጣመመ ነው። ዲጋ ዘመድ ልጠይቅ ብለሽ የሄድሽው ለካ እዚያ እሱን አግኝተሽ ልትለኪው ኖሯል። ዋሽተሽኛል፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

ከዚያ ሰማሁ። መጀመሪያ ክራሩ ብቻውን ይጀምራል፤ ልክ ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች» እንደሚል። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ይገባል፤ ከበሮው ይከተላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሁለት ጨርቅ መጋጠሚያ ከዓይኔ አያመልጥም። ክራሩና ጊታሩ የተጋጠሙበትን ስፌት ፈልጌ አጣሁት። ድምፁም የልጃችን ወፍራም ድምፅ ነው። ጮሆ ሰው ማስነሣት በሚችልበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያወራል፤ ያኔ ሳላውቅ ወደ ሸክላ ማጫወቻው ጎንበስ እላለሁ። ስለ ዲዴሳ ድልድይ ዘፍኗል፤ ሙቀቱ፣ አውቶቡሱ ውኃ እስኪጠጣ ዛፍ ሥር የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ አለበት። ከዲጋ በእግራቸው ስለሚመጡ ነጋዴ ሴቶችም ዘፍኗል፤ ገበያ ላይ እንደምንነጋገረው በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ይጨርሰዋል። ለማንም አይተረጉምም፤ ለማንም ግን አይከብድም።

የመጨረሻው ዘፈን «እህቴ ያደረቀችው» ይባላል። ከበሮ የለውም፤ እሱና ጊታሩ ብቻ ናቸው። ጊታሬን ዝናብ ላይ ረሳሁት ይላል። ረሳሁት! ዝንጉ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ፣ እህቴ ግን በነጠላዋ አቅፋ አደረቀችልኝ ይላል። እኔ በዘፈኑ ውስጥ የለሁም። እኔ በነበርኩበት ቦታ የራሱን ዝንጋታ አስቀምጦበታል። ጊታሩ በተመታ ቁጥር ከሆዱ ዝዝ የሚል ነገር ይሰማል። አስቴር «ሲቀዱት የተበላሸ ነው መሰለኝ» አለች። እኔ አወቅሁት። ስንጥቁ ነው። አዲስ ጊታር ሳያጣ በዚያው ቀዳው። በመጨረሻ ቃሉን ትቶ፣ አንቺ ቁልፍ ስትተክዪ ታንጎራጉሪው የነበረውን ዜማ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል፤ ዘፈኑም በዚያው ያልቃል። አስቴር ሥራ ያላት መስላ ጓዳ ገባች። ብቻዬን እንዳለቅስ አውቃ ነው።

ሰኞ ጉጠት ተውሼ ዲንሳ ጋ ሄድኩና ሽቦውን ቆረጥኩት። «ኦቦ ተክሌ፣ ሱቄን ልታፈርስ ነው እንዴ?» አለ። ሸክላውን ሲያጫውተው ገበያተኛው በር ላይ ቆመ። አደ ሌንሴን ፀሐይ ላይ ስለተወችው ቅቤ «ቀለጠብሽ እኮ!» ቢሏት «ይቅለጥ! ዝም በሉ!» አለች። ለገመቹ ሁለተኛ ወረቀት ላክሁ። ብዙ ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ «ና» ከሚለው በላይ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

ከትናንት ወዲያ መጣ። ኮቱን ለብሶ ነበር፤ ክርኑ ላይ አልቋል። «ዝናብ ላይ የጣልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ለምን ረሳሁት አልክ?» አልኩት።

ያለቀውን ክርኑን እያሻሸ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ የእርስዎ ስም ከዜማው አልገጥም አለኝ» አለ።

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ አቃተን። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ሲል «ክንድህን አንሣ» አልኩት። ባለ ቋጠሮውን ክር ከሳጥንሽ አውጥቼ ትከሻው ላይ ዘረጋሁት። ትከሻው ከመጨረሻው ቋጠሮሽ ሁለት ጣት አልፏል። አዲሱን ኮት ጀምሬለታለሁ፤ ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ይደርሳል።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ካህናቱም የጸሎት ቤትሽ ሰዎችም ጸልየው ሲያበቁ፣ አስቴር ማጫወቻዋን ታመጣለች። ሁለቱም ገጽ በሙሉ ይጫወታል። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ተነሥቼ፣ ገመቹ ባይወድም፣ ያንን ጊታር ዝናብ ላይ ማን እንደጣለው በሰው ፊት እናገራለሁ። በቀረኝ ዕድሜ አንቺ ያደረቅሽውን ሳስታውስ ያረጠበውን ሰው አብሬ አስታውሳለሁ። ያን ዝዝታ ደግሞ በሰማሁት ቁጥር እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

ባልሽ ተክሌ